ከበዓሉ ሜዳ የሚወጣው ማን ነው?

ከተማ በሰፋ ቁጥር የመሬቱ ዋጋ ይወደዳል፤ የመሬቱ ዋጋ በተወደደም ቁጥር ባዶ መስሎ የሚታየው ሜዳ ብዙ ዓይን ያርፍበታል። በዚህ ጊዜ ሁለት ወገኖች ይነሣሉ። አንደኛው ወገን፦ ጉግሱና የገና ጨዋታው ከከተማው መካከል ይውጣ፤ መንገድ ይዘጋል፤ ፈረስ ሰው ይረግጣል፤ ንግድም ይታጐላል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ስለ ሃይማኖት የሚቀና መስሎት፦ ፈረስ ግልቢያና ጭፈራ ከታቦት ጋራ ምን ኅብረት አላቸው? በዓል ለጸሎት እንጂ ለጨዋታ አልተሠራም ይላል። ሁለቱ ወገኖች በሐሳብ የተራራቁ ቢሆኑም የሚፈርዱት ፍርድ አንድ ነው፤ ይኸውም ጨዋታው ከከተማው ዳር ይጣል ማለት ነው። ፍርዱ ግን ትክክለኛ አይደለም።

አስቀድሞ የሁለተኛውን ወገን ነገር መመርመር ይገባል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ በምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፥ ንጉሥ ዳዊት ታቦተ እግዚአብሔርን ወደ ከተማው ባስገባ ጊዜ በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ ዘለለ፤ ሜልኮልም በመስኮት ሆና አይታ በልቧ ናቀችው። መጽሐፉ የነቀፈው የዘለለውን ንጉሥ ሳይሆን የናቀችውን ሴት ነው። ካህናቱም በጥምቀት ዕለት ከበሮ እየመቱና ጸናጽል እያሰሙ ሲያሸበሽቡ የሚከተሉት የዚሁ የዳዊትን ምሳሌ ነው። እንግዲህ ካህኑ በታቦቱ ፊት በማኅሌት ደስ ሲለው፥ የገጠሩ ጐበዝ ታቦቱ ከገባ በኋላ በፈረሱ ቢደሰት በደሉ ምን ላይ ነው?

ከዚህም የበለጠ ማስረጃ በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 2 ይገኛል። ጥር 12 ቀን የሚከበረው የቃና ዘገሊላ ተአምር የተጻፈው በዚህ ምዕራፍ ነው፤ ጌታ ወደ ሰርግ ተጠርቶ ሄደ፤ የወይን ጠጅ ያለቀበትንም ሰርግ ደስታው እንዳይቋረጥ አደረገ። በዚያው ምዕራፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ ጌታ ጅራፍ አበጅቶ ሻጮችንና ገንዘብ ለዋጮችን ከመቅደስ እንዳስወጣ ተጽፏል። አንባቢ ያስተውል፤ ጌታ የባረከው ደስታውን ነው፤ ያስወጣውም ገበያውን ነው። ዛሬ በበዓል ሜዳ ላይ ሊደረግ የሚታሰበው ግን ተገላቢጦሹ ነው፤ ደስታው ይወጣል፥ ገበያውም ይገባል።

ለዚህ በአዲስ አበባ በጃን ሜዳ የሆነው ነገር ምስክር ነው። ጃን ሜዳ ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ ሠራዊት የተሰለፈበት፥ ፈረስ የተጋለበበት፥ በጥምቀትም ታቦታት የሚያድሩበት ሰፊ ሜዳ ነው። በታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ በቦጎታ ባደረገው ጉባኤ የኢትዮጵያን የጥምቀት በዓል በዓለም ቅርስነት መዘገበ። በዚያው ዓመት የኮሮና ወረርሽኝ ስለ ተነሣ፥ በፒያሳ ተጨናንቆ የነበረው የአትክልት ተራ ገበያ ሕዝቡ እንዳይፋፈግ ተብሎ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ምክንያቱ መልካም ነበር፤ ለሰው ሕይወት ተብሎ ሜዳ ማዋስን የሚነቅፍ ክርስቲያን የለም። ነገር ግን ክረምት በገባ ጊዜ ሜዳው በጭቃና በበሰበሰ አትክልት ተሞላ፤ ጥምቀትም በቀረበ ጊዜ ሜዳው ይለቀቅ የሚል ብርቱ ክርክር ተነሣ። በመጨረሻ ገበያው ሃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው ሰፈር ተዛወረ፤ ምእመናንም ወጥተው ሜዳውን ጠረጉ፤ የ2013 ዓ.ም. ጥምቀትም በቦታው ተከበረ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። ጥፋቱ በውሰቱ ላይ አይደለም፤ ቀን ያልተቈረጠለት ውሰት ርስት መስሎ እንዲታይ መተው ነው።

ወደ አንደኛው ወገን ሲመለሱ፥ ፈረስ ሰው እንደሚረግጥ፥ በገና ጨዋታም ዱላ ራስ እንደሚፈነክት ሐሰት ነው የሚል የለም። መጠጥና ጠብም በበዓል ቀን ይታያሉ። ነገር ግን የሥርዓት ማነስ በሥርዓት ይታረማል እንጂ በስደት አይታረምም። በእንጅባራ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። አለቃና ደንብ ያለው ማኅበር ስለሆነ፥ እጅግ ብዙ ፈረሰኛ በተሰበሰበበትም ፈረሱ የከተማው ክብር እንጂ የከተማው ሥጋት አልሆነም።

ጨዋታው በከተማው መካከል መሆኑ ስለ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፥ ወደ ዳር ሲወጣ የሚቀረው ማን እንደሆነ ይቍጠር። መኪና ያለው ይደርሳል፤ ባጃጅ የሚከፍልም ይደርሳል። ምርኵዝ የያዘው ሽማግሌ፥ ልጅ ያዘለችው እናት፥ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የተቀመጠው ነዳይ ግን ይቀራሉ። በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው እንዳይቈጣ የሚያዘው የቀድሞ ልማድ፥ በዓመት አንድ ቀን ሰው ሁሉ ትክክል ሆኖ እንዲውል የተሠራ ነው። ድኃው የማይደርስበት ሜዳ ይህን ልማድ ሊጠብቅ አይችልም። ደግሞም በአርሲ ምድር ፈረስ የአንድ ወገን ሀብት አይደለም። ክርስቲያኑም እስላሙም ፈረስ ያውቃል፤ ሁለቱም ጐን ለጐን ቆመው መልካም ፈረሰኛን የሚያደንቁበት ሜዳ ስለ ሰላም ከሚነገር ብዙ ንግግር ይሻላል።

ስለዚህ በጭላሎ ተራራ ሥር ያሉት፥ ስንዴና ገብስ የሚሸጥባቸው ከተሞች፥ ከእነርሱም መካከል የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ሁሩታ፥ ነገሩን ከመድረሱ በፊት ቢያስቡበት ይጠቀማሉ። የበዓሉ ሜዳ በከተማው ፕላን ላይ ስሙ ተጽፎ ይከበር። ባዛር ማቆም የሚፈልግ ነጋዴ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀን ተወስኖለት ይግባ፤ በገና፥ በከተራ፥ በጥምቀትና በቃና ዘገሊላ ግን አንድ ድንኳን እንኳ አይቁም። ፈረሰኞች አለቃ ይሹሙ፤ ለተመልካቹ ገመድ ይወጠር፤ አረቄ የሚሸጥ ከሜዳው ይራቅ፤ ታቦቱ ገብቶ ሳይፈጸምም የድምፅ ማጉያ አይጩኽ። ይህን ሁሉ ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የካህናቱ፥ የሽማግሌዎቹና የከተማው ሹማምንት አንድ ቀን መመካከር ይበቃል።

ለገበያ የሚሆን ቦታ ሁልጊዜ ይገኛል፤ ገንዘብ ባለበት ሁሉ ገበያ ይከተላልና። አባቶች ያቈዩት ሜዳ ግን አንድ ጊዜ ቤት ከተሠራበት በኋላ ተመልሶ ሜዳ አይሆንም። ዛሬ ጨዋታው ይውጣ ብሎ የሚፈርድ ሰው፥ ነገ ልጁ ታቦቱ የት ያድር ነበር ብሎ በጠየቀው ጊዜ የሚያሳየው ሜዳ እንዳያጣ ይጠንቀቅ። እግዚአብሔር ለሚመክሩትም ለሚፈርዱትም ማስተዋልን ይስጣቸው።