የትምህርት ቤት ደወልና የቤተሰብ ኑሮ

የትምህርት ቤት ደወል የሚጠራው ተማሪውን ብቻ አይደለም። ደወሉ የሚመታበት ሰዓት እናት ከእንቅልፍዋ የምትነሣበትን፣ አባት ወደ ሥራው የሚሄድበትን፣ አውቶቡስ የሚንቀሳቀስበትን፣ ሱቅና መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን የሚያገኝበትን ጊዜ ሁሉ አብሮ ይወስናል። ስለዚህ ይህን ሰዓት ማዛወር ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ቢመስልም፣ እርስ በርሱ የተሳሰረ የኑሮ ሥርዐትን መንካት ነው። በአሜሪካ ሰላሳ ዓመት ያህል የቆየው ክርክር ይህንኑ በግልጥ ያስረዳል። የፍሎሪዳ ግዛት በ2023 የደነገገውን የመግቢያ ሰዓት ሕግ ገና ሥራ ላይ ሳይውል በ2025 ሽሮታል፤ የካሊፎርኒያ ግዛት ግን ተመሳሳይ ሕግ አውጥቶ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሎታል። አንዱ ጸንቶ ሌላው የፈረሰበትን ምክንያት መመርመር ለአስተዳዳሪም ለነጋዴም ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን፣ ሰዓቶቹ ግን በእኛ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

የክርክሩ መነሻ የሰው አካል ጠባይ ነው። ልጅ ለአካለ መጠን መድረስ ሲጀምር እንቅልፍን የሚያመጣው የአካሉ ንጥረ ነገር በምሽት ዘግይቶ ይመነጫል። ከዚህም የተነሣ ጐረምሳው ከሌሊቱ 5 ሰዓት በፊት ተኛ ቢሉት እንቅልፍ አይወስደውም። ይህ ዕድሜ ግን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይፈልጋል። ትምህርት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሲጀመር፣ አውቶቡስ ለመያዝ ገና ጎሕ ሳይቀድ የሚነሣው ልጅ እንቅልፉን ሳይጠግብ ይሄዳል፤ በመጀመሪያውም ክፍለ ጊዜ አካሉ እንጂ ልቡ ከመምህሩ ዘንድ አይገኝም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ይህን ተመልክቶ በ2014 የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት ትምህርት እንዳይጀምሩ መከረ።

ምክሩ ያለ ፈተና የተሰጠ አልነበረም። በሚኔሶታ ግዛት የምትገኘው ኢዳይና በ1996 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትዋን መግቢያ ከ1 ሰዓት ከ20 ወደ 2 ሰዓት ተኩል አዛወረች፤ በማግሥቱ ዓመት ጐረቤትዋ ሚኒያፖሊስ ከ1 ሰዓት ከሩብ ወደ 2 ሰዓት ከ40 አደረገች። የሲያትል ከተማም በ2016 ከ1 ሰዓት ከ50 ወደ 2 ሰዓት ከ45 አዛወረች። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሲያትል ሁለት ትምህርት ቤቶች ያሉትን ተማሪዎች እንቅልፍ በእጅ በሚታሰር መሣሪያ ለክተው በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ተማሪዎቹ በየቀኑ 34 ደቂቃ ያህል ተጨማሪ እንቅልፍ ማግኘታቸውን ገለጡ። አንዳንዶች ‹‹ሰዓቱ ቢዘገይ ልጆቹም የዚያኑ ያህል አምሽተው ይተኛሉ›› ይሉ የነበረው ግምት ስለዚህ አልተረጋገጠም። ከሁሉም ይልቅ ልብ የሚባለው፣ ከሁለቱ ትምህርት ቤቶች የድኾች ልጆች በሚበዙበት በአንደኛው መቅረትና መዘግየት መቀነሱ፣ በተሻለ ኑሮ ካሉት ልጆች ጋር መተካከሉም ነው።

ጥቅሙ ይህን ያህል ከታወቀ ተቃውሞው ከወዴት መጣ? መልሱ በአውቶቡሱ ላይ ነው። ብዙዎቹ የአሜሪካ የትምህርት አውራጃዎች አንዱን አውቶቡስና አንዱን ነጂ በአንድ ጠዋት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ያሠሩታል፤ በመጀመሪያ ትልልቆቹን፣ ቀጥሎ መካከለኞቹን፣ በመጨረሻም ሕፃናቱን ያደርሳል። ትልልቆቹ ይዘግዩ ከተባለ ወይ አዲስ አውቶቡስና ነጂ መጨመር፣ ወይም ሕፃናቱን ማልዶ መውሰድ ግድ ይሆናል። እንግዲህ ሰዓቱን ማዛወር ሸክሙን አያጠፋውም፤ ከአንዱ ትከሻ አንሥቶ ወደ ሌላው ትከሻ ያሸጋግረዋል እንጂ።

የቦስተን ከተማ ታሪክ ለዚህ ሁነኛ ምስክር ነው። ከተማዋ ለተማሪዎች ማመላለሻ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ታወጣለች። ትምህርት ቤቶችዋም በ1 ሰዓት ተኩል፣ በ2 ሰዓት ተኩልና በ3 ሰዓት ተኩል በሦስት ተራ ይገቡ ነበር። በ2017 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ሊቃውንት በኮምፒዩተር አስልተው ለትልልቆቹ ተማሪዎች እንቅልፍ የሚተርፍበትን፣ ለከተማዋም ወጪ የሚቀነስበትን አዲስ የሰዓት ድልድል አዘጋጁ። በሒሳብ በኩል ድልድሉ የተደነቀ ነበር። ነገር ግን ከመቶ ሰማንያ የሚበልጡትን ትምህርት ቤቶች መግቢያ የሚለውጥ፣ አንዳንድ የአንደኛ ደረጃ ሕፃናትንም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ የሚያስገባ ሆኖ ተገኘ። ማልዶ የገባ ሕፃን ከቀትር በኋላ ብዙም ሳይቆይ ይለቀቃል፤ ወላጆቹ ግን እስከ ማታ ድረስ በሥራ ላይ ናቸው። ድልድሉ በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ እንደ ተነገረ ወላጆች በየስብሰባው ተቃውሞአቸውን አሰሙ፤ ሸክሙ በድኾችና በጥቁሮች ሰፈር ይከብዳል ሲሉ የመብት ተከራካሪዎችም ተናገሩ። ወሩ ሳያልቅ ባለሥልጣኖቹ ድልድሉን አነሡት። ስሌቱ የአውቶቡሱን መንገድ በትክክል ለክቶ ነበር፤ የወላጁ የሥራ ውል፣ የሞግዚቱ ክፍያና የአያት ጤንነት ግን በመዝገቡ ውስጥ አልነበሩም።

ይህ ጉዳይ በባዕድ አገር የሚኖሩትን ወገኖቻችንንም ይነካል። በሲያትልና በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ከተሞች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ አያሌ ቤተሰቦች ሠፍረዋል። በዚያው አካባቢ የምትገኘው የፌርፋክስ አውራጃ በ2015 የሁለተኛ ደረጃ መግቢያዋን ከ1 ሰዓት ከ20 ወደ 2 ሰዓት ገደማ አዛውራለች። ደመወዝተኛው በቢሮ የሚሠራ ከሆነ አለቃውን አስፈቅዶ ግማሽ ሰዓት ሊዘገይ ይችል ይሆናል። በሆስፒታል ሌሊት የምታድር እናት፣ በታክሲ የሚያነጋ አባት፣ በአውሮፕላን ጣቢያ በፈረቃ የሚሠራ ሠራተኛ ግን የሥራ ሰዓቱን የሚወስነው ራሱ አይደለም። በእንዲህ ያለ ቤት ታላቅ ልጅ የታናናሾቹ ጠባቂ ነው። እርሱ ዘግይቶ ከተለቀቀ ታናሹ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ከትምህርት በኋላ ሠርቶ ቤቱን የሚረዳም ከሆነ የሥራው ሰዓት ያጥርበታል። የእንቅልፍ ማጣት ክፉኛ የሚጐዳውም፣ የሰዓት ለውጥ ክፉኛ የሚያናጋውም ይኸው የድኻው ቤት መሆኑ ነገሩን ከባድ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ሲያትል ያደረገችው ይጠቀሳል። የመጀመሪያው ለውጥ አንዳንድ ሕፃናትን እስከ 3 ሰዓት ከ35 ድረስ የሚያዘገይ በመሆኑ ወላጆች ቢያማርሩ፣ የከተማው አስተዳደር በ2017 2.3 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ አውቶቡሶቹ በሦስት ተራ መመላለሳቸው ቀርቶ በሁለት ተራ እንዲሆን አደረገ። ሸክሙ በወላጅ ላይ ብቻ ከሚወድቅ የሕዝብ ገንዘብ ይካፈለው ማለት ነው።

በግዛቶቹም ዘንድ ልዩነቱ ይኸው ነው። በካሊፎርኒያ አገረ ገዥው ጄሪ ብራውን ውሳኔው ለየአካባቢው ይተው ብለው በ2018 ሕጉን ሳይፈርሙበት መለሱት። በ2019 ተተኪያቸው ጋቪን ኒውሰም ሲፈርሙ፣ ለመዘጋጃ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ተሰጠ፤ የገጠር አውራጃዎችም ከግዴታው ነፃ ተደረጉ። የሁለተኛ ደረጃው በ2 ሰዓት ተኩል፣ የመካከለኛው በ2 ሰዓት ተወሰነ። ፍሎሪዳም የደነገገችው ሰዓት ይህንኑ ነበር፤ የመዘጋጃ ጊዜውም ያነሰ አልነበረም። ይሁን እንጂ አውራጃዎቹ አውቶቡሱና ነጂው ከየት ይመጣል ብለው ደጋግመው ቢጠይቁ የሚበቃ መልስ አላገኙም፤ በመጨረሻም ሕጉ ተሻረ። ጊዜ መስጠት ያለ ገንዘብ ብቻውን አይበቃም።

ነጋዴ ይህን በትርፍና በኪሣራ ቢያሰላው ነገሩ ይበልጥ ይገለጥለታል። ራንድ የተባለው የምርምር ድርጅት በ2017 ባወጣው ስሌት፣ ትምህርት በ2 ሰዓት ተኩል ቢጀመር የአሜሪካ ኢኮኖሚ በአሥር ዓመት ውስጥ 83 ቢሊዮን ዶላር ያህል ያተርፋል ብሏል፤ ይኸውም ልጆቹ ትምህርታቸውን ሲፈጽሙና የመኪና አደጋ ሲቀንስ የሚገኝ ነው። ትርፉ ግን ለሕዝብ ሁሉ ተበትኖ፣ ቀስ እያለ የሚደርስ ነው፤ ወጪው በአንጻሩ ነገ ጠዋት፣ በታወቁ ሰዎች ደጃፍ ላይ ይጠየቃል። ለዚህም ነው ጥናት የሚያመሰግነው ውሳኔ በስብሰባ አዳራሽ የሚወድቀው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በከተሞቻችን የመማሪያ ክፍል እያነሰ ልጆች በጠዋትና በከሰዓት ፈረቃ ሲማሩ ኖረዋል፤ ፈረቃ በተለወጠ ቁጥር የቤቱ ሥርዐት እንደሚለወጥ የማያውቅ ወላጅ የለም። በቀይ ባሕር ዳርቻ ደግሞ ሙቀቱ ሰው ማልዶ እንዲሠራ ያስገድዳል፤ ስለዚህ የአሜሪካን ሰዓት እንዳለ መቅዳት ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። ልንወስደው የሚገባን ሰዓቱን ሳይሆን ትምህርቱን ነው። አስተዳዳሪ የደወሉን ሰዓት ከማዛወሩ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ሕፃኑን በዚያች ትርፍ ሰዓት ማን ይጠብቀዋል? የማመላለሻውን ወጪ ማን ይከፍላል? አሠሪውስ ለወላጁ ስንት ጊዜ አስቀድሞ ይነገረዋል? እነዚህ መልስ ያላገኙበት ውሳኔ፣ የቱንም ያህል በሳይንስ ቢደገፍ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይደርስበታል። መልስ ያገኙበት ግን ለልጁ እንቅልፍን፣ ለቤቱም ሰላምን አንድነት ሊሰጥ ይችላል።