ተገኘ ስለሚባለው አገር

ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ይዘው በሚመጡት መጽሐፍ ውስጥ «እገሌ የሚባለው አውሮፓዊ ይህን ደሴት አገኘ፤ እገሌም ያንን ወንዝ አገኘ» የሚል ቃል አይታጣም። ልጅም የተጻፈውን አምኖ ያጠናል። ነገር ግን ሰው ተወልዶ፣ አርሶ፣ ልጅ ድሮ፣ ሙታኑን ቀብሮ የሚኖርበት አገር ለነዋሪው ከቶ ጠፍቶበት አያውቅም። ስለዚህ በዚህ ወር «ተገኘ» የሚለው ቃል ማንን እንደሚሸፍን፣ የተሸፈነውም ሰው ዕውቀት ምን እንደሚሆን ከቅርብም ከሩቅም ምሳሌ እያመጣን እንመለከታለን። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከደጃችን እንጀምር። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ አፄ ልብነ ድንግል ሲሄዱ፣ ዛሬ ሰሜን ወሎ በምንለው ምድር፣ በጥንቱ የአንጎት አገር በኩል አልፈዋል። ከነርሱ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ላሊበላን አይቶ በመደነቅ ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1540 በሊዝቦን ታተመ። አውሮፓ የውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ነገር በሰፊው የሰማው ከዚህ ሰው ነው፤ ጽሑፉም ለታሪካችን ትልቅ ምስክር ሆኖ ይኖራል። ይሁን እንጂ እርሱ በደረሰ ጊዜ በዚያ ስፍራ 300 ዓመት ያህል ሲቀደስና ማሕሌት ሲቆም ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መጣ። በኅዳር ወር 1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ ያገኘሁ እኔ ነኝ አለ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ፖርቱጋሎችን ተከትሎ የመጣ የስፔን ቄስ ግን በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ምንጩን አይቶት ነበር። ከሁለቱም በፊት የአገሩ ሰው ምንጩን አክብሮ፣ ውኃውን ጠጥቶ ይኖርበት እንደ ነበር ማንም ሊክደው አይችልም። ብሩስ ወደ አገሩ ሲመለስ ይዟቸው ከሄደ መጻሕፍት አንዱ መጽሐፈ ሄኖክ ነው። የአውሮፓ ሊቃውንት ይህን መጽሐፍ ጠፋ ይሉት ነበርና በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ «የጠፋው ተገኘ» ተባለ። በኛ ቤተ ክርስቲያን ግን በግዕዝ ሲጻፍና ሲነበብ የኖረ መጽሐፍ ነው፤ ለኛ አልጠፋም ነበር።

ብሩስ በግሽ ዓባይ በቆመበት በዚያው ዓመት፣ ከኛ እጅግ በራቀ ባሕር አንድ ሌላ ሊቅ ሊሞት ተቃርቦ ነበር። ስሙ ቱፓያ ይባላል። በፓስፊክ ውቅያኖስ ከሚገኘው ከራያቴያ ደሴት የተወለደ የሕዝቡ ካህንና የባሕር መንገድ መሪ ነበር። የእንግሊዙ መርከበኛ ጄምስ ኩክ በ1769 ወደ ታሂቲ በደረሰ ጊዜ ቱፓያ በመርከቡ ተሳፈረ። ከኮከብ፣ ከነፋስና ከማዕበል የተማረውን ቈጥሮ ከ70 በላይ ደሴቶችን ስም የያዘ ካርታ እንዲዘጋጅ አደረገ። ኒው ዚላንድ በደረሱም ጊዜ ቋንቋው ከነዋሪዎቹ ቋንቋ ጋር ስለ ተቀራረበ አስተርጓሚ ሆኖ አገለገለ። በ1770 መጨረሻ ግን ዛሬ ጃካርታ በምትባለው በባታቪያ ታሞ ሞተ። የኩክ ስም በዓለም ሁሉ ሲጠራ፣ መንገድ ያስተማረው ሰው ስም ለብዙ ዘመን በጥቂት መጻሕፍት ውስጥ ብቻ ቀረ።

የባሰው ጉዳት በኋላ መጣ። መርከቦቹ የደሴቶቹ ሕዝብ ከቶ የማያውቀውን በሽታ ይዘው ገቡ። በፊጂ ደሴቶች በ1875 የገባው የኩፍኝ በሽታ 40,000 ያህል ሰው ገደለ፤ ይህም ከሕዝቡ ከሩብ የማያንስ ነበር። በሃዋይም በ1832 ገደማ 130,000 ያህል ሰው ሲቈጠር፣ በ1890 ክልሶቹ ተጨምረው እንኳ የተረፈው ተወላጅ 40,000 ያህል ብቻ ነበር። ሽማግሌ ልጁን ሳያስተምር ሲሞት፣ በቃል ይተላለፍ የነበረው ዕውቀት ሁሉ አብሮት ይቀበራል። ስለዚህ በ1976 የሃዋይ ሰዎች እንደ አባቶቻቸው ያለ መሣሪያ፣ በኮከብ ብቻ ወደ ታሂቲ ለመቅዘፍ በተነሡ ጊዜ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ከራሳቸው መካከል አጡ። ከሩቅ፣ ሳታዋል ከምትባል ትንሽ ደሴት፣ ማው ፒያይሉግ የሚባል መሪ ለምነው አመጡ። እርሱም አንድ ወር ያህል መርቶ አደረሳቸው፤ በኋላም ልጆቻቸውን አስተማረ። የአያት ዕውቀት በአንድ እንግዳ መምህር ደግነት ከሞት ተመለሰ።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል። አገርን የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። የውጭ ሊቅም ይህን ሲያምን ያምርበታል። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በእግሩ ሳይረግጥ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ይህን የቻለው በ1649 በሮም አግኝቶ፣ በ1652 ወደ ጎታ አስመጥቶ ባነጋገረው በአባ ጎርጎርዮስ ነው። አባ ጎርጎርዮስ በዛሬው ወሎ ውስጥ ባለው በጥንቱ የአማራ ምድር በመካነ ሥላሴ የተወለዱ ሲሆኑ፣ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ከአገር የተሰደዱ ሰው ነበሩ። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። ሉዶልፍ ግን መምህሩን አልደበቀም፤ ስማቸውንም መልካቸውንም በመጽሐፉ አኖረ። ቱፓያ ያጣውን ክብር አባ ጎርጎርዮስ ያገኙት ተማሪው አመስጋኝ ስለ ሆነ ነው።

ይህ ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ጤፍን የሚያህል የአባቶቻችን እህል እንኳ በ2007 በዱቄቱ ዝግጅት ላይ ለአንድ የሆላንድ ኩባንያ በአውሮፓ የፈጠራ መብት ተሰጥቶበት ነበር። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ በሆላንድ መብቱን ሻረው። እስከዚያ ድረስ ግን ስንት ዓመት አለፈ! ጤፉን አበጥራ፣ አስፈጭታ፣ አቡክታ የምትጋግር እናት ምን እንደምታውቅ የጻፈ ሰው ጥቂት በመሆኑ፣ የምታውቀውን ሌላው «እኔ ፈጠርሁት» ሊል ደፈረ።

እንግዲህ በሀብሩ ወረዳ፣ በመርሳና በወልድያ መንገድ ያላችሁ ቤተ ሰቦች ሆይ፤ የባሕር ኮከብ ባይኖረንም የምድር ኮከብ አለን። ወንዝ ጠልፎ ማሳ የማጠጣት ጥበብ፣ ማሽላን በወቅቱ የመዝራት ልማድ፣ የምንጩና የተራራው ስም ከነምክንያቱ፣ የእናቶች የእንስራና የእንጀራ ሙያ፣ የየኔታም ባሕረ ሐሳብ ሁሉ በሽማግሌዎቻችን ልብ ተቀምጧል። ከተማችን መርሳ ትባላለች፤ ሥራዋ ግን መርሳት እንዳይሆን እንጠንቀቅ።

ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ጽሕፈት የተማረው ልጅ አንድ ደብተር ይያዝ፤ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ አንድ ነገር ይጠይቅ፤ የሰማውን እንደ ሰማው ይጻፍ። ከላይ የተናጋሪውን ስም፣ የተወለዱበትን ቀበሌ፣ የተነገረበትንም ቀን ያስፍር። ዕውቀቱ ያለ ባለቤቱ ስም ከቀረ ነገ ሌላ «አገኘሁት» ሊል ይችላልና ስሙን መጻፍ እንደ ትንሽ ነገር አይቈጠር። አጥኚ እንግዳም ከሩቅ ሲመጣ፣ በአገራችን ልማድ እግሩን አጥበን፣ አብልተን አጠጥተን እናስተናግደው፤ ጥያቄውንም በቅንነት እንመልስ። ነገር ግን የነገርነውን ሲጽፍ የነገሩትን አባት ስም እንዲጽፍ፣ ከጽሑፉም አንዱን ቅጂ ወደ መንደሩ እንዲመልስ በትሕትናና በግልጽ እንንገረው። ቅን እንግዳ በዚህ አይቀየምም።

ልጆቻችንም ከእንግዲህ «እገሌ ይህን አገር አገኘ» የሚል ሲያነቡ «መንገዱን ማን አሳየው?» ብለው ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ የለመደ ልጅ የሌላውን ሕዝብ አይንቅም፤ የአያቱንም ቃል ሳይጽፍ አያሳልፍም።