ስለ ድመትና ስለ አውቶሞቢል

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ራቅ ብላ የምትገኘው ጋፋት፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮጳውያን ባለ እጆች መድፍ ያስፈሰሱባት ቦታ ስለ ሆነች ስሟ በታሪክ የታወቀ ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል የሆነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በዚያ ከተሠራ በኋላ፤ በ1860 ዓ.ም. በሠረገላ ሆኖ በብዙ ሰው ጉልበት እየተጎተተ እስከ መቅደላ ደርሷል። ያን ጊዜ የሠረገላው ጠባቂዎች የሚጨነቁት ስለ ገደሉና ስለ አቀበቱ ነበር እንጂ፤ ድመት ወጥታ ትቧጥጥብናለች ብለው አልነበረም። ዛሬ ግን በዚሁ አገር አውቶሞቢል ካላቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ድመትን እንደ ጠላት ይቈጥሯታል። ነገሩ ለጋዜጣ የማይገባ ትንሽ ነገር መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ዳሩ ግን ከዚህ የሚመጣው ጥፋት ትንሽ አይደለም።

ድመት በአውቶሞቢል ላይ የምትወጣው ባለቤቱን ለማስቀየም አይደለም። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ደጋ ነው፤ ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው የማታ ብርድ ሰውን እንኳ ከምድጃ አጠገብ ያስቀምጣል። አውቶሞቢሉ ከመንገድ ሲመለስ ኮፈኑ እንደ ምጣድ ሞቆ ስለሚቆይ፤ ድመቲቱ ይህን ትታ ወዴት ትሂድ? ስትወጣና ስትወርድ ጥፍሯ ቀለሙን ይፍቃል፤ የእግሯም ጭቃ ይታተምበታል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ከሥር ገብታ ከሞተሩ አጠገብ ስትተኛ ነው፤ ሾፌሩ ሳያውቅ ሞተሩን ሲያስነሣ እርሷም ትሞታለች፤ ቺንጋውም ሊበጠስ ይችላል።

አንዳንድ ሰው ድንጋይ ይወረውራል። አንድ ሾፌር ድመቲቱን ስቶ የገዛ አውቶሞቢሉን መስተዋት ሲሰብር በዓይናችን አይተናል፤ ድመቲቱም ከአጥር ላይ ሆና ትመለከተው ነበር። ይህስ መርዝ ከሚያኖረው ሰው ይሻላል። መርዝ የበላች ድመት በብዙ ሥቃይ ትሞታለች፤ የተረፈውንም መርዝ የጎረቤት ውሻ ወይም ዶሮ፤ ክፉ ቀን ከሆነም ሕፃን ያገኘዋል። ደግሞም ድመት ከጠፋች በኋላ በጎተራው እህልና በመዝገብ ቤቱ ወረቀት ላይ የሚሠለጥነው ማን እንደ ሆነ ለመሥሪያ ቤት ሹማምንት መንገር አያስፈልግም። የቤተ ክርስቲያን አባቶችማ፤ አንድ የብራና መጽሐፍ ስንት የበግና የፍየል ቆዳ፤ ስንትስ ወር የጸሐፊ ድካም እንደሚፈጅ ስለሚያውቁ፤ የዕቃ ቤት ድመት ምን ያህል እንደምትጠቅም ይመሰክራሉ። የአውቶሞቢል ቀለም በገንዘብ ይታደሳል፤ አይጥ የበላው ብራና ግን አይመለስም።

እንግዲህ ንብረቱን መጠበቅ የሚገባው ባለ አውቶሞቢሉ ነው። በር ያለው መጠለያ ያለው ሰው በሩን ይዝጋ። የሌለው ወፍራም ሸራ ያልብስ፤ ነገር ግን አስቀድሞ አቧራውን በውሃ ያጥበው፤ በሸራ ሥር የቀረ አሸዋ ከድመት ጥፍር ይልቅ ቀለም ይፍቃልና። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ድመት አትወድም ይባላል፤ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ልጣጩ ሲደርቅ ወይም ዝናብ ሲያጥበው ኃይሉ ያልቃል። በርበሬ መነስነስ ዓይኗን ማቃጠል ስለ ሆነ አይገባም፤ ለልብስ ብል የሚደረገው ናፍታሊንም መርዝ ነው። ለሞተር ማቀዝቀዣ ከውሃ ጋራ የሚጨመረው ፈሳሽ አንዳንዱ ጣፋጭ ስለ ሆነ እንስሳ ይልሰዋል፤ ጥቂቱም ይገድላል፤ ስለዚህ መሬት ላይ የፈሰሰው ወዲያው ይታጠብ። ምሳውን ባውቶሞቢሉ አጠገብ በልቶ አጥንቱን እዚያው የሚጥል ሾፌርም፤ ድመቲቱን የጠራት ራሱ መሆኑን ይወቅ።

ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እንደ ተባለ፤ ሙቀት መፈለጓን አትተውም። ስለዚህ ሙቀቱን በሌላ ቦታ መስጠት ነው፤ ገለባ የተጎዘጎዘበት አንድ አሮጌ ሣጥን ከዘበኛው ቤት ጀርባ፤ ነፋስ በማይደርስበት ስፍራ ቢቀመጥ ወጪው ከምንም አይቈጠርም። የመሥሪያ ቤት አለቆችም፤ ሾፌሮቻቸው ጧት ሞተር ከማስነሣታቸው በፊት ኮፈኑን በመዳፋቸው ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲመቱ፤ ከውስጥ የተኛች ብትኖርም ወጥታ እስክትሄድ ጥቂት እንዲታገሡ ይዘዟቸው።