አውቶቡስ ሰው ወደሄደበት ይሂድ

የተከበራችሁ የለገሃርና የአካባቢው ነዋሪዎች፣

እንደሚታወቀው ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከባቡር ነው። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሆኖ ጣቢያ ማለት ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ የምናውቀው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የጅቡቲው ባቡር እኛ ዘንድ አይደርስም፤ አዲሱ መስመር የሚነሳው ከከተማው ዳር፣ ከለቡ በኩል ነው። ባቡሩ ከቀረ በኋላም ቢሆን ለገሃርን ለገሃር አድርጎ ያቆየው አንበሳ አውቶቡስ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

አንበሳ ሥራ የጀመረው ጣሊያን ከተባረረ በኋላ፣ በጥቂት መኪናዎች ነበር። በ1940ዎቹ የአክሲዮን ኩባንያ ሲሆን ንጉሡና ቤተሰባቸው ዋና ባለድርሻ ነበሩ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ቤንዚን ተወዶ ባለታክሲዎች ሥራ ሲያቆሙ፣ የተቆጣው ሰው አውቶቡሱን የጌቶች ንብረት ነው ብሎ በድንጋይ መታው። ከአብዮቱ በኋላ ወደ መንግሥት ዞረ። መርሴዲሱም፣ ዳፉም፣ በኋላ በቢሾፍቱ የተገጣጠመውም አውቶቡስ በየተራ መጥተው ተማሪውን፣ የቀን ሠራተኛውን፣ ዘንቢል ያንጠለጠለችውን እናት ተሸክመዋል። ቢጨናነቅም፣ ቢዘገይም፣ የድሀ መኪና እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ማንሳታችን ለትዝታ ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የለገሃር መልሶ ግንባታ ይፋ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ጎረቤታችን ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ሰው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ቦታ ሄዷል። ቤቱ ተነሳ እንጂ ዕድሩ አልተነሳም። ሰዎቻችን ለወር መዋጮ፣ ለሥራ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ አሁንም ይመላለሳሉ። ለቅሶማ ቀጠሮ አያውቅም። ሁለት ሦስት ታክሲ ቀይሮ የሚመጣ ጡረተኛ አንድ ቀን ይቀራል፣ ሁለተኛ ይቀራል፣ በሦስተኛው ‹‹እገሌ እኮ ተወን›› ይባላል። የተወን እሱ ሳይሆን መንገዱ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ብዙ ሰው አሳርፏል፤ እሰየው። ነገር ግን ሐዲድ ተነቅሎ ሰው አይከተልም። አውቶቡስ ግን መስመሩ በወረቀት የሚወሰን ስለሆነ፣ ሰው ወደሄደበት መሄድ ይችላል። ጥያቄአችንም ይኸው ነው፦ ነዋሪው ከሰፈረበት አዲስ መንደር በቀጥታ ለገሃር የሚደርስ፣ ጠዋት በጊዜ የሚጀምር፣ ማታም ቶሎ የማይቆም አውቶቡስ እንዲመደብ ነው።

ስለሆነም ማኅበሩ ለሚመለከተው ክፍል ማመልከቻ እያዘጋጀ ነው። ባዶ አቤቱታ ግን ሚዛን አይደፋም። ከሰፈር የወጣችሁም፣ ያላችሁም፣ ከየት ወደ የት፣ በስንት ሰዓት፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደምትመላለሱ በጽሕፈት ቤቱ በተቀመጠው መዝገብ ላይ አስሞሉ። መጻፍ የማይችል ሰው በቃል ይንገረን፤ እኛ እንጽፍለታለን። የዕድሩም ስብሰባ ከእንግዲህ በጠዋት ተጀምሮ ከቀትር በፊት ያበቃል፤ ሩቅ ያለው ሰው ሳይመሽበት ይመለስ።

በመጨረሻም አደራ የምንለው ስለ ሰልፉ ነው። አረጋዊ፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያዘለች እናት ይቅደሙ። አውቶቡሱ የጌቶች መባሉ ከቀረ ቆይቷል፤ የራሳችን ነውና እንዲያ እንያዘው።

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት