የሙራኖ ብርጭቆና የስም ዋጋ

ለንግድ ጉዳይ ወደ ሰሜን ጣሊያን ብቅ የሚል ነጋዴ ጊዜ ካገኘ ቬኒስን ሳያይ አይመለስም። በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ፎቶግራፍ ይነሳል፤ ለቤተሰብም የብርጭቆ ጌጥ ይገዛል። በጀልባ ተሻግሮ በሙራኖ ደሴት የሚገኘውን የብርጭቆ ሙዚየም የሚጎበኘው ግን ጥቂቱ ነው። ይህ ኪሳራ ነው፤ ኪሳራውም የሚጀምረው ከዚያው ከገዛው ዕቃ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1861 አባ ቪንቼንሶ ዛኔቲ በተባሉ ቄስ አነሳሽነት የተቋቋመው ሙዚየም የቀድሞ የጳጳሳት መኖሪያ በነበረ ሕንፃ ውስጥ ይገኛል። የሮማውያን ዘመን ጠርሙሶችን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን ሰማያዊ የባሮቪየር ጽዋና ወደ አፍሪካ ጭምር ሲጫን የኖረውን ባለ ብዙ ቀለም ጨሌ ያሳያል። ገበያ ለሚያውቅ ሰው ግን ትልቁ ቁም ነገር ከዕቃዎቹ በስተጀርባ ያለው የንግድ ታሪክ ነው።

የቬኒስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1291 የብርጭቆ ምድጃዎች ከከተማዋ ወጥተው ሙራኖ እንዲሰፍሩ አዘዘ። ምክንያቱ የእሳት አደጋ ቢሆንም ባለሙያው በአንድ ደሴት መሰብሰቡ ምስጢር ለመጠበቅ በጀ። ሠራተኛው ሙያውን ይዞ እንዳይሰደድም በሕግ ታገደ። ሆኖም ምስጢር በአጥር ብቻ አይያዝም። የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ ሚኒስትር ኮልቤር እ.ኤ.አ. በ1665 የንጉሡን የመስታወት ፋብሪካ ሲያቋቁም የሙራኖ ባለሙያዎችን በገንዘብ አስኮበለለ። የዛሬው ታላቅ ኩባንያ ሳን ጎባን የዚያ ፋብሪካ ወራሽ ነው።

ሙራኖ ምስጢሩን ቢነጠቅም ስሙ ቀረለት። በዚሁ ስም የሚነግዱ አስመሳዮች በመብዛታቸው የቬኔቶ ክልል እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ሕግ ለእውነተኛው የሙራኖ ብርጭቆ የንግድ ምልክት ደነገገ። ያም ሆኖ ከውጭ የገባ ርካሽ ብርጭቆ በሙራኖ ስም መሸጡ አልቀረም። አስቀድሞ ሙዚየሙን ያየ ገዢ ዓይኑ ስለሚሠለጥን በቀላሉ አይታለልም፤ ምልክቱንም ጠይቆ ይገዛል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ነጋዴ ባዕድ አይደለም። መንግሥት የይርጋጨፌ፣ የሲዳሞና የሐረር ቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ማመልከቱ፣ ከውዝግብ በኋላም በ2007 ከስታርባክስ ጋር መስማማቱ ይታወሳል። አሸዋ የትም አለ፤ የሙራኖን አሸዋ ያስወደደው ሙያና ስም ነው። ቡናም እንዲሁ።

ይሁን እንጂ ስም ማስመዝገብ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 መገባደጃ የጋዝ ዋጋ ሲያሻቅብ በሕግ የተጠበቀው ስም የሙራኖን ምድጃዎች ከመጥፋት አላዳናቸውም፤ በርካቶቹ ሥራ አቁመው ነበር። ስሙን የሚሸከመው አምራቹ ነውና፣ ስም ሲጠበቅ አምራቹም በአቅሙ እንዲቆም መታሰብ አለበት። ቡና ላኪውም ሆነ ሸማኔውን የሚያሠራው ባለሀብት በሙራኖ የሚያሳልፋት ግማሽ ቀን ይህን በዓይኑ ታሳየዋለች።