ስለ ካሚዮን ነጂዎች ዳግመኛ ትምህርት

በእንግሊዝ አገር ተቀምጦ ካሚዮን በመንዳት ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን የሚያስተዳድር አንድ የወንድማችን ልጅ አለን። ባለፈው ክረምት በላከልን ደብዳቤ፤ «ጋሼ፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ሳልገጭ ነድቼ፤ ዛሬ እንደ ሕፃን ፊደል ቍጠር ተባልሁ» ብሎ በብዙ ምሬት ጻፈ። ሥራችን በፍርድ ቤት መጻፍ ነውና፤ ከፍርድ አስቀድሞ ሕጉን መመልከት ስለሚገባ ነገሩን መረመርን።

የአውሮጳ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው መመሪያ፤ ሰው በሚያመላልስ አውቶቡስ ወይም ዕቃ በሚጭን ካሚዮን የሚተዳደር ነጂ መንጃ ፈቃድ ብቻ አይበቃውም፤ የሙያ ማስረጃም ይኑረው ተባለ። ትእዛዙም በአውቶቡስ ነጂዎች ላይ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 10 ቀን 2008 ጀምሮ፤ በካሚዮን ነጂዎች ላይ ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ ጸና። ማስረጃው ጸንቶ እንዲኖር ነጂው በየ5 ዓመቱ 35 ሰዓት መማር አለበት። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2020 ከኅብረቱ ስትወጣም ይህን ሥርዓት አልተወችም፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ግን በአገር ውስጥ ብቻ ለሚነዱት ቀለል ያለ ሁለተኛ መንገድ ጨመረች። ማስረጃው ሲያስፈልገው ሳይዝ የነዳ እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል።

የልጃችን ምሬት ፈጽሞ ከንቱ ነው አንልም። በትምህርቱ ፍጻሜ ፈተና የለም፤ ሰዓቱን ተቀምጦ ያሳለፈ ሁሉ ተምሯል ተብሎ ይጻፍለታል። አንዳንዱ አሠሪ ገንዘቡን ይከፍላል፤ ሌላው ግን ለነጂው ይተወዋል፤ ያን ጊዜ የትምህርቱ ዋጋና የቀረው የቀን ደመወዝ ከልጆች እንጀራ ይነሣል። ነገር ግን ልጃችንም ጥፋት አለበት፤ 4 ዓመት ከመንፈቅ ዝም ብሎ ኖሮ 35ቱን ሰዓት በአንድ ሳምንት ሊጨርስ ተነሣ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሆኖም በሁለተኛው ደብዳቤው ሌላ ነገር ጻፈልን። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ግቢ አውጥቶ፤ እርሱን ከመሪው ኋላ አስቀመጠውና አንዱን ጓደኛውን በካሚዮኑ ግራ ጎን አቆመው። «ታየዋለህን?» ቢለው፤ በመስተዋቶቹ ሁሉ ፈልጎ አጣው። ጓደኛው ግን እጁን ቢዘረጋ በሩን በሚነካበት ስፍራ ቆሞ ነበር። «ጋሼ፤ በዚያ ስፍራ በየቀኑ በብስክሌት የሚሄዱ ልጆች ያልፋሉ፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያልገጨሁት ዐውቄ ሳይሆን ተጠብቄ ነው» አለን።

ስለዚህ እኛ፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም፤ የጠመጠመም መማሩን አይተው እንላለን። ሕግ ይለወጣል፤ መኪና ይለወጣል፤ የነጂውም ዓይንና ጉልበት ይለወጣል። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለን በቃል ያጠናነውን ማታ ማታ ካልቀጸልነው ይጠፋን ነበር፤ የመንገድም ዕውቀት እንዲሁ ነው።

ለነጂ ቤተ ሰብ የምንሰጠው ምክር ይህ ነው። አንደኛ፤ ማስረጃው የሚያልቅበት ቀን ከካርዱ ተገልብጦ ሁሉ በሚያየው ስፍራ በቤት ይጻፍ። ሁለተኛ፤ በየዓመቱ አንድ ቀን 7 ሰዓት የተማረ በ5 ዓመት 35ቱን ይፈጽማልና፤ ለዚያ ቀን በየወሩ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ይቀመጥ። ሦስተኛ፤ አንዱን ትምህርት አምስት ጊዜ ከመድገም ስለ ዕረፍት ሰዓት፤ ስለ ጭነት አስተሳሰር፤ ስለ መጀመሪያ ርዳታ፤ ስለ እግረኛም እየለዋወጡ መማር ይሻላል። አራተኛ፤ 4 ሰዓት ተኩል የነዳ 45 ደቂቃ ይረፍ የሚለውን ሕግ በመንገድ የሚቈጣጠር ሹም አለ፤ ነጂው ቤቱ ገብቶ ሲተኛ ግን ዕንቅልፉን የሚጠብቁለት ሚስቱና ልጆቹ ናቸው።

በፍርድ ቤት ስንጽፍ ሰው ከገጨ ነጂ አፍ ብዙ ጊዜ የሰማነው ቃል «አላየሁትም» የሚል ነው። ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሞተውን ግን አያስነሣም። ስለዚህ የማይታየው ስፍራ የት እንደ ሆነ አስቀድሞ መማር፤ ለነጂውም ለሰው ልጅም ይበጃል።