አደራው የተማሪው ነው ወይስ የፎቶው?

ጎበዝ፣ ለድሃ ልጅ መማሪያ ተብሎ የተዋጣ ገንዘብ አደራ ነው። አደራ አይበላም፤ የፎቶ ማድመቂያም አይሆንም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኢሕአዴግ በ1996 ዓ.ም. “ወጪ መጋራት” ብሎ መጣና የዩኒቨርሲቲ ተማሪውን የምግቡና የመኝታው ሙሉ ዋጋ፣ የትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶ ባለዕዳ አደረገው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ደግሞ ከመቶ 4 እንኳ አልሞሉም። ታዲያ እነዚህን ጥቂቶች በሳሙና፣ በፎቶ ኮፒና በአውቶቡስ ዋጋ እንጣቸው?

ወገን ዝም አላለም። ዕድሩ፣ የተወላጆች ማኅበሩ፣ ዋሽንግተን ሌሊት ታክሲ የሚነዳው ወንድማችን ለተማሪ የወር ድጎማ ያዋጣሉ። እግዜር ይስጣቸው! ጣጣው መሐል ላይ ነው።

ለዘገባ በሄድኩባቸው የርክክብ ዝግጅቶች ያየሁትን ልናገር። አዳራሽ ይያዛል፣ የክብር እንግዳ ይጠራል፣ ተማሪዎቹ ቲሸርት ለብሰው ይሰለፋሉ፣ ካሜራው ይብለጨለጫል። “እነዚህ ልጆች በምን መስፈርት ተመረጡ?” ስል ኮሚቴው ይተያያል። “እስከ ምረቃ የሚበቃ ገንዘብ አለ?” ስል “ለጋሾቹ ከቀጠሉ” ይሉኛል። ካልቀጠሉስ? ልጅቷ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሻንጣዋን ይዛ ትመለስ?

“ያለውንስ ብታመሰግን ምናለበት?” የሚሉኝ አይጠፉም። ምስጋና ሌላ፣ ሒሳብ ሌላ!

ስለዚህ መስፈርቱና የተመረጡት ቁጥር ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ልጁን ያስመዘገበ የኮሚቴ አባል ከምርጫው ይውጣ። ሃያ ልጅ ለአንድ ዓመት ከመያዝ አምስቱን እስከ ምረቃ ማድረስ ይሻላል። ድጎማው በየወሩ በልጁ የባንክ ደብተር ይግባ እንጂ የመድረክ ትርዒት አይጠብቅ። በዓመቱ ደግሞ ሒሳቡ በውጭ ኦዲተር ታይቶ ለአዋጪው ይነገር።

መንግሥትም “ለጋሽ አለላቸው” ብሎ እጁን እንዳይሰበስብ። ዩኤስኤአይዲን የሚያህል ድርጅት በ2017 ዓ.ም. በሩን ሲዘጋ አይተናል። የለጋሽ እጅ ዛሬ ይዘረጋል፣ ነገ ይታጠፋል። የድሃን ልጅ ማስተማር ግን የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ግብር የምንከፍለው ለምን ሆነና?

የኮሚቴ ሹማምንት ሆይ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅም። ከፎቶው ፈቀቅ በሉና ሒሳቡን አሳዩን!